አንድ ክፍል፣ ሁለት እንቅልፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ክፍል ለመደልደል ብዙ አይጨነቅም። አንዱ የወላጆች፣ ሌላው የልጆች ነው፤ ልጆቹ ሁለትም ይሁኑ አራት። ሞግዚት ካለች እሷም ማታ ፍራሿን ዘርግታ እዚያው ታድራለች። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ደግሞ የሚደለድለው ክፍል የለውም፤ በመሃል የሚጋረድ መጋረጃ ከተገኘ ተመስገን ነው። ገጠር ስንወርድ ልጆች መደብ ላይ ተደርድረው፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት እየተጓተቱ ያድራሉ።

ስለዚህ «ልጆች አንድ ክፍል ይጋሩ ወይስ አይጋሩ?» ብሎ መጠየቅ ለአብዛኛው ቤተሰባችን ትርፍ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ቤቱ ሰጥቶታል። የሚያስጨንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሦስት ዓመቷና የሰባት ዓመቱ ልጅ አብረው እያደሩ፣ ሁለቱም የሚበቃቸውን እንቅልፍ እንዴት ያገኛሉ? በጉዳዩ ላይ የተጠናውን፣ ሐኪሞች የሚመክሩትንና ወላጆች በየቤቱ የሚያደርጉትን ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ክፍሉ ያለ ጥፋቱ እንደሚወቀስ ይታየኛል። የልጆችን እንቅልፍ በአብዛኛው የሚያበላሸው ሰዓት ነው፤ በተለይ ማንም ልብ የማይለው የንጋቱ ሰዓት።

ክፍል መጋራት የችግር ምልክት ነው የሚለው ስሜት የመጣው ከምዕራቡ ዓለም ነው። እዚያም ቢሆን ሕጉ ከሚወራው የላላ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የቤቶች ሕግ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድን ቤት «ተጨናንቋል» የሚያሰኘው፣ ባልና ሚስት ያልሆኑ፣ 10 ዓመት የሞላቸው ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ለማደር ሲገደዱ ነው። ከዚያ ዕድሜ በታች ያሉ ልጆች በዚህ መለኪያ አይቆጠሩም። ከ2013 ወዲህ የቤት ኪራይ ድጎማ ሲሰላ ደግሞ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ሁለት ልጆች ፆታቸው ቢለያይም፣ ፆታቸው አንድ ከሆነ ግን እስከ 16 ዓመታቸው ድረስ አንድ ክፍል ይበቃቸዋል ተብሎ ይታሰባል። ለንደን ውስጥ ከካውንስል ጋር ስለ ቤት የተከራከረ ሐበሻ ይህን ሒሳብ በቃሉ ያውቀዋል። ካናዳ ጠበቅ ታደርጋለች፤ የዚያ አገር መለኪያ ወንድና ሴት ልጆችን ከ5 ዓመት ጀምሮ ይለያል።

ከሕግ ወደ ልማድ ስንሻገር ልዩነቱ ይሰፋል። ጆዲ ሚንዴል የተባለች አሜሪካዊት የእንቅልፍ ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በ17 አገሮችና ግዛቶች የሚኖሩ ከ29 ሺህ በላይ ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመታቸው እንዴት እንደሚተኙ ወላጆችን ጠይቀዋል። በእስያ ከመቶ 86ቱ ከወላጆቻቸው ጋር ክፍል ይጋራሉ፤ እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ ባሉት ግን 22ቱ ብቻ። እኔን የሳበኝ የመኝታ ሰዓቱ ነው። የኒው ዚላንድ ሕፃን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲተኛ፣ የሆንግ ኮንጉ 4 ሰዓት ከሩብ ይሆነዋል። ዘግይተው የሚተኙት ጠቅላላ እንቅልፋቸውም አጠር ይላል። ወላጆች በተናገሩት ላይ የቆመ ጥናት ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ቢሆንም «ክፍሉ ነው ወይስ ሰዓቱ?» ለሚለው ፍንጭ ይሰጣል።

ልጆች ብቻቸውን በጋራ ያደሩበትን ሌላ ታሪክ ማንሳት ይገባል፤ ኪቡጽ የሚባሉትን የእስራኤል የጋራ መንደሮች። የመጀመሪያው ኪቡጽ ዴጋንያ ከተመሠረተ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በብዙዎቹ ኪቡጾች ልጆች የሚያድሩት ከወላጆቻቸው ርቀው በልጆች ቤት ነበር፤ ሌሊቱን ተረኛ ጠባቂዎች እየዞሩ ያዩአቸዋል። አቭራሃም ሳጊና ባልደረቦቹ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ቀኑን አንድ ዓይነት አያያዝ ያላቸውን ሁለት ቡድኖች አነጻጸሩ። ማታ ወደ ቤታቸው ከሚመለሱት ሕፃናት ከመቶ 80ዎቹ ለእናታቸው የተረጋጋ ቁርኝት ሲያሳዩ፣ በልጆች ቤት ከሚያድሩት ግን 48ቱ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው አልጎዳቸውም። የጎዳቸው ሌሊት ሲያለቅሱ የሚመጣው ሰው የማያውቁት መሆኑ ነው። ልማዱ በ1990ዎቹ ጨርሶ ቀረ። በጓቴማላ ከፍታ የሚኖሩ ማያዎች በተቃራኒው ሕፃኑን ከእናቱ አጠገብ ያስተኛሉ፤ ታናሽ ሲመጣ ወደ አባቱ ወይም ወደ ታላቁ አልጋ ያዞሩታል። በ1992 ጊልዳ ሞሬሊ ይህን ስትጽፍ፣ የማያ እናቶች የአሜሪካ ሕፃናት ብቻቸውን ክፍል እንደሚዘጋባቸው ሲሰሙ መደንገጣቸውን ዘግባለች። የእኛም አያቶች ከዚህ የተለየ ነገር የሚሉ አይመስለኝም።

ከሁሉ በፊት ግን ድርድር የማይገባው ነገር አለ። ይኸውም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው።

ሕፃን ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ፍራሽ መተኛት የለበትም። የሁለትና የአራት ዓመት ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው አጠገቡ ማን እንዳለ አያውቅም፤ እጁን ይጥላል፣ ይንከባለላል፣ ብርድ ልብሱን ሕፃኑ ፊት ላይ ይጎትታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባሻሻለው ምክሩ ሕፃኑ በጀርባው፣ ለብቻው በሆነ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ፣ ትራስና ልል ብርድ ልብስ ሳይኖር፣ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ግን ወላጆቹ ክፍል ውስጥ እንዲተኛ ይመክራል። መንትዮችም ቢሆኑ የየራሳቸው መኝታ ይኑራቸው ይላል። ስለዚህ አራስ ቤት ያለው ሕፃን ወደ ልጆቹ ክፍል ለመግባት አይቸኩል። ቤቱ ጠቦ የግድ ከሆነም የራሱ አልጋ ይኑረው፤ አልጋ ካልተገኘ ከታላላቆቹ ራቅ ያለ የራሱ ቀጭን ፍራሽ።

እስከ መቼ ወላጆች ጋር ይቆይ? እዚህ ላይ ሐኪሞቹም አይስማሙም። በፔንሲልቬንያ ኢያን ፖል የመራው የ2017 ጥናት እስከ አራት ወራቸው ወደ ራሳቸው ክፍል የተሸጋገሩ ሕፃናት በዘጠኝ ወራቸው አሁንም ከወላጅ ጋር ካሉት ይልቅ በሌሊት 40 ደቂቃ ያህል ጨምረው እንደሚተኙ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕፃኑ በእንቅልፉ ሲያቃስት አጠገቡ ያለው ወላጅ ገና ሳይነቃ ያነሳዋል። ይህ ትዝብት ለወንድምና እህት ክፍልም ይሠራል። ትንሿ እዬዬ ባለች ቁጥር ሮጦ የሚገባ ወላጅ ትልቁን የሚቀሰቅሰው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ።

እንቅልፍን የሚያመጡት ሁለት ኃይሎች ናቸው፤ ስዊዘርላንዳዊው አሌክሳንደር ቦርቤሊ በ1982 ያቀረበው ይህ አተያይ እስከ ዛሬ የሙያው መሠረት ነው። አንዱ በነቃን ሰዓት ልክ የሚጠራቀም የእንቅልፍ ጫና ነው። ሌላው ከብርሃንና ከጨለማ ጋር የሚሄደው የሰውነት ሰዓት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ጫናው ቶሎ ይሞላል፤ የሰባት ዓመቱ ይዘገያል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉ ልጆች የቀን ሸለብታቸውን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ያሉት ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ያሉት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። በአራት ዓመት የሚበላለጡ ሁለት ልጆችን «በሉ ተኙ!» ብሎ በአንድ ደቂቃ መብራት ማጥፋት እንግዲህ አንዱን ያለ ሰዓቱ ማስተኛት ነው። ያልመጣበት ልጅ ጨለማ ውስጥ ሲጋደም ምን ያደርጋል? ታናሹን ይነካካል። ግድግዳ ይደበድባል። ውሃ ጠማኝ፣ ሽንቴ መጣ ይላል። ከዚያ እናት ትገባለች፣ ትቆጣለች፣ መብራት ይበራል፣ ሁለቱም ይነቃሉ።

መፍትሔው ማፈራረቅ ነው፤ ትንሿ ቀድማ፣ ትልቁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ። በዚያ መሃል ያለው ጊዜ ለትልቁ ይሁን፤ ሳሎን ውስጥ በዝግታ መጽሐፍ ያንብብ፣ የቤት ሥራውን ይጨርስ፣ ከአባቱ ጋር ያውራ። ታላቅነቱ የሚከፈለው በዚህ ነው፤ ታናሽ ከመጣ ወዲህ ብቻውን ያገኘው ጊዜ ሌላ ላይኖር ይችላል።

ወላጆች ይህን የሚፈሩት ትልቁ ሲገባ ትንሿ ትነቃለች ብለው ነው። ፍርሃቱ ከመጠን በላይ ነው። ልጅ እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ይወርዳል፤ ይህ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ሲሆን የልጅ ደግሞ ከአዋቂው ይልቅ የከበደ ነው። በኦሃዮ ኮሎምበስ ከተማ የሚገኝ የልጆች ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ 24 ልጆች በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳሉ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ደወል ተለቀቀባቸው። በተለመደው የደወል ጩኸት የነቁት 14 ናቸው። የገዛ እናታቸው ድምፅ ስማቸውን ሲጠራ ግን 23ቱ ነቅተዋል። ሙከራው የተሠራው ለእሳት አደጋ ነው፤ እኛ ግን ሌላም ነገር እናነብበታለን። የወንድም ኮቴ የማይቀሰቅሰውን ልጅ የእናት «ቀስ በል፣ እህትህን እንዳትቀሰቅሳት!» የሚል ሹክሹክታ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ንጋት ሲጠጋ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ሕልም ይበዛበታል፣ ልጁ በየመሃሉ ብቅ ብሎ ይመለሳል። የአዋቂ አንድ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ሲወስድ የጨቅላ ሕፃን ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ትንሹ ብዙ ጊዜ ወደ መንቂያው ጠርዝ ይመጣል። የእኛ ቤት ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። ማታ በእግር ጣት እንራመዳለን፤ ንጋት ላይ ግን ገበያ እንከፍታለን። ሰርቪስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ የልጆቹ ክፍል መብራት ቦግ ይላል። ቁም ሳጥን ይንቋቋል። አንድ ካልሲ ይጠፋል። «ቶሎ በል፣ መኪናው ጥሩንባ ነፋ!» ይባላል። ኬጂ ያልጀመረችው ወይም ዘግይታ የምትገባው ታናሽ ከዚያ በኋላ ትተኛለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ጫናው አልቋል፣ ብርሃኑም መጥቷል። በሳምንት አምስት ቀን ከእንቅልፏ አንድ ሰዓት እየተቆረጠ፣ ማታ ላይ «ይህች ልጅ ለምን ትነጫነጫለች?» እንላለን።

አንድ ሰዓት ትንሽ አይደለም። አቪ ሳዴህ የተባለው እስራኤላዊ ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ጥናት 77 የአራተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሦስት ሌሊት እንቅልፋቸውን በአንድ ሰዓት እንዲጨምሩ ወይም እንዲቀንሱ አድርጎ ነበር። በትኩረትና በማስታወስ ፈተና በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው ልዩነት፣ በሁለቱ ክፍሎች ተማሪዎች መካከል ከሚጠበቀው የዕድሜ ልዩነት ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ዩኒፎርሙ፣ ጫማው፣ ቦርሳው ማታ ወደ ሳሎን ይውጣ። ትልቁ በጨለማ ተቀስቅሶ በሩ ይዘጋና ልብሱን ውጭ ይልበስ፤ ፀጉርም እዚያው ይበጠር። ከመስኮቱ አጠገብ የሚተኛው ቀድሞ የሚነሳው ይሁን፤ ትንሿ ከበሩም ከመስኮቱም ራቅ ትበል። መጋረጃው ወፈር ያለ ጨርቅ ይሁን። ከዚህ ዳሰሳ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህን አንቀጽ እመርጣለሁ።

ምሽቱን በተመለከተ ብርሃን ከሚገመተው በላይ ሥራ አለው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ከመኝታቸው በፊት ለአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ሲያበሩ፣ እንቅልፍን የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን ከመቶ 88 ያህል ወረደ። በ2022 ደግሞ ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ከ5 እስከ 40 ሉክስ በሚደርስ፣ ሞክረው በአማካይ ከመቶ 78 መቀነሱን አይተዋል፤ ይህ ከተለመደው የሳሎን መብራት የማይበልጥ ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ተከታታይ ድራማ እያየ፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ እየተንከባለሉ፣ ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አላቸው» ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ መብራቱ ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ኮሪደሩ ላይ ይቅር፤ ካልሆነም ከአልጋው ዝቅ ብሎ የተሰካ ቀላ ያለ ደብዛዛ አምፖል ይበቃል።

በዚህ ረገድ እዚህ ያለነው ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስቶክሆልም ያለች እናት ግን በሰኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ታያለች፤ ሚኒያፖሊስ ያለችውም እስከ 3 ሰዓት። እዚያ ለሚኖር ቤተሰብ ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ ከአልጋው እኩል የሚገዛ ዕቃ ነው።

የመኝታ ሥርዓት የሚባለው ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ሚንዴል በ2009 በ405 እናቶችና ልጆች ላይ ባደረገችው ሙከራ በየማታው በአንድ ሰዓትና በአንድ ቅደም ተከተል ሕፃኑን ማጠብ፣ ሰውነቱን መቀባትና ማሸት፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ነገር ማድረግ እንቅልፉን ሲያሻሽለው፣ የእናቲቱንም ስሜት ሲያቀናው ተመልክታለች። ገላ አጥቦ፣ በቅቤ ወይም በቫዝሊን አሽቶ፣ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት የየቤታችን ሙያ ነው፤ የጎደለን ሰዓቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ባሉበት ቤት ገላቸው አብሮ ይታጠብ፣ ተረቱም ለሁለቱ አንድ ላይ ይነገር፤ ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የሚለያየው።

ማስፈራራቱ ግን ይቅር። «ተኛ፣ ጅብ ይመጣብሃል» በተባለ ማግሥት ታላቅየው ያንኑ ጅብ አሳድጎ፣ ጥርስ ጨምሮለት፣ ለታናሹ በጨለማ ይተርክለታል። ወላጅ የዘራው ፍርሃት በልጆች ክፍል ውስጥ እጥፍ ሆኖ ይበቅላል።

ከመብራት በኋላ የሚመጣውን ወሬ ግን አልነካውም። ብዙ የምክር መጻሕፍት ልጆች አልጋ ላይ እንዳያወሩ ይላሉ። እኔ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢያወሩ እመርጣለሁ። ልጅ ለእናቱ የማይነግረውን፣ ትምህርት ቤት ማን እንደመታው፣ መምህሯ ምን እንዳለችው፣ ለታላቁ የሚነግረው በዚያ ሰዓት ነው። ወላጅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቢሰማ ከወላጆች ስብሰባ የበለጠ ይማራል። ወሬው ወደ ሳቅ፣ ሳቁ ወደ ትራስ ውርወራ ሲያልፍ ብቻ በሩን አንኳኩቶ «በቃ» ማለት ይበቃል።

ሌሊት የሚነሱት ጣጣዎች ይለያያሉ። ትንሹ ልጅ ብቻውን እንዲተኛ ለማለማመድ የሚፈልጉ ወላጆች፣ በተለይ ውጭ አገር ያሉት፣ ሪቻርድ ፈርበር በ1985 መጽሐፉ ያስታወቀውን መንገድ ይሞክራሉ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ እየቆዩ መግባት፣ በየጊዜው ቆይታውን ማርዘም። ይጎዳል ወይ ለሚለው፣ በሜልበርን 326 ልጆችን እስከ ስድስት ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት በ2012 ዘላቂ ጉዳትም ዘላቂ ጥቅምም አላገኘም። የጋራ ክፍል ውስጥ ግን የሚያለቅሰው አንድ፣ የሚሰቃየው ሁለት ነው። ልምምዱ ከተጀመረ ትልቁን ለጥቂት ሌሊት ሳሎን ሶፋ ላይ ወይም ወላጆች ጋር ማስተኛት ይሻላል፤ «እንግዳ ነህ» ተብሎ ከተነገረው በደስታ ይሄዳል።

አልጋ ላይ መሽናት ሌላው ነው። በአምስት ዓመት ዕድሜ ከመቶ 15 ያህል ልጆች ሌሊት ያመልጣቸዋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ከእነዚህ ከመቶ 15 ያህሉ በራሳቸው ጊዜ ይተዋሉ። ስንፍና አይደለም፣ በዱላም አይድንም። ወንድም ወይም እህት አጠገቡ ስላለ ግን ኀፍረቱ እጥፍ ይሆናል። ፍራሹ በላስቲክ ይሸፈን፣ ትርፍ አንሶላ በቅርብ ይቀመጥ፣ ሌሊት ያለ ብዙ ቃል ይቀየር። በዚህ ልጅ ላይ ማሾፍ በቤቱ ክልክል መሆኑን ታላቁ አስቀድሞ ይወቅ።

ልጅ ተኝቶ ሳለ ድንገት ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑ ተከፍቶ፣ እየጮኸ እናቱን እንኳ የማያውቅበት ሌሊት ብዙ ቤት አስደንግጧል። ይህ የሌሊት ሽብር ከመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ የሚወጣ ነው፤ ጠዋት ልጁ ምንም አያስታውስም። ቅዠት ግን በንጋቱ በኩል ይመጣል፣ ልጁም ይነቃል፣ የፈራውን ይናገራል። ለመጀመሪያው ማድረግ የሚገባው ልጁ እንዳይጎዳ አጠገቡ ሆኖ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው፤ መቀስቀሱ ያራዝመዋል። ለሁለተኛው ማቀፍና ማረጋጋት። አጠገቡ ያለው ወንድሙ ግን በሁለቱም ሌሊት ይደነግጣል፤ በሽብሩ ሌሊት እንዲያውም ጠዋት ነገሩን የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። «ሰይጣን ለከፈው» ተብሎ ከሰማ ከዚያ ወዲያ አብሮ መተኛት ይፈራል። ጠበል መውሰዱ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ለወንድሙ ግን «በእንቅልፉ ነው፣ ያልፍለታል» የሚለው ቃል ይነገረው።

በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ትንፋሹ ለአፍታ ቁርጥ የሚል ልጅ ካለ ወንድሙን ከመረበሹ በላይ የራሱ ነገር ያሳስባል። ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው በስተጀርባ ያለው ሥጋ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይየው። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ መፍትሔ አይደለም፤ ደም መፍሰስና ቁስለት የሚያስከትል ጎጂ ልማድ ነው።

ስለ መድኃኒት አጭር ቃል። የሚያስተኛ የሳል ሽሮፕ ልጅ እንዲተኛ ብሎ መስጠት አይገባም። አሜሪካ ያሉት ቤተሰቦች በየሱቁ የሚያገኙት የሜላቶኒን ከረሜላም የሚታመን አይደለም፤ በ2023 የታተመ ምርመራ ከ25 ምርቶች በ22ቱ ውስጥ ያለው መጠን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር እንደማይገጥም አግኝቷል፤ አንዱማ ሜላቶኒን ጭራሽ አልነበረውም።

የክፍሉን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ጥፋተኛ ስላልሆነ ነው፤ ግን ንጹሕም አይደለም። ሌሊት የሚገላበጥ ልጅ ባለጌ ከመባሉ በፊት ፍራሹ ይፈተሽ፤ ትኋን ወይም ቁንጫ ሊኖር ይችላል። እከክም ማታ ማታ ነው የሚብሰው፤ አንዱ ልጅ ከያዘው አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከሙና ልብሱ ካልታጠበ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ወባ ባለበት ቆላ አንድ አጎበር ለሁለት ሰው ስለሚታሰብ ወንድምና እህት ከሥሩ አብረው ቢገቡ ትክክል ነው፤ እግራቸው ወይም ጀርባቸው ግን መረቡን አይንካ፤ ጠርዙም ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ተደራራቢ አልጋ የተገዛ እንደሆነ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ አይተኛ። የጎረቤትን ሙዚቃና የውሻ ጩኸት ለመሸፈን የሚሸጠው የድምፅ ማሽን ደግሞ ከአልጋው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ በ2014 ካናዳ ውስጥ የተፈተሹት 14 ማሽኖች ሁሉም ድምፃቸው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ በቅርብ ሲለኩ ከ50 ዴሲቤል አልፈዋል፣ ሦስቱ ከ85 በላይ። በቀስታ የሚዞር ማራገቢያ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከሰል ግን ለብቻው ይነገር። በክረምት ብርድ ቡና የተፈላበትን ምድጃ «ክፍሉን ያሙቅላቸው» ብሎ ልጆች ወደተኙበት ማስገባትና በሩን መዝጋት ገዳይ ነው። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ልጅ እንደተኛ ይወስደዋል። ጭሱ አልቋል ማለት ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም። ብርድ ልብስ ይደረብ እንጂ ከሰል አይግባ።

እስከ መቼ አብረው ይተኙ? ለእኔ የእንግሊዙ 10 ዓመት ከካናዳው 5 ይልቅ ለእኛ ቤት ይቀርባል፤ ነገር ግን ልጅ ልብሱን ሲቀይር መደበቅ ከጀመረ፣ ወንድም ይሁን እህት፣ ዕድሜ መቁጠር አያሻም። ሌላ ክፍል ባይኖር እንኳ የሚለይ መጋረጃ፣ የሚቆለፍ መሳቢያ፣ ገብተው የሚለብሱበት ሰዓት ይሰጣቸው። ታላቂቱ የታናሾቿ ሞግዚት ሆና ሌሊቱን እንድትነሳ መደረጓም ይቁም፤ ይህ በተለይ በሴት ልጆች ላይ የሚወድቅ ሸክም ነው፣ እሷም ነገ ትምህርት አለባት።

ቤተሰብ ብቻውን የማያስተካክለው አንድ ነገር ይቀራል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሰርቪስ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ኬጂና አንደኛ ክፍል ያሉትን ንጋት ላይ ጭኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ያዞራቸዋል፤ ልጆቹም መስኮቱ ላይ ተደግፈው ሲያንቀላፉ ይታያሉ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችና የሰርቪስ አስተባባሪዎች በሚቀጥለው መስከረም መንገዱን ሲያወጡ ትንንሾቹ መጨረሻ ላይ እንዲጫኑ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ብትመልሱላቸው፣ አጠገባቸው የተኛችው ታናሽም ያንኑ ግማሽ ሰዓት ታገኛለች።